እምቢ ያልኩበት ጉባኤ

የፓርቲያችን ቢሮ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ከታች በርና መስኮት ይበየዳል፣ ከላይ እኛ አገር እናቃናለን። የብረት መቁረጫው መጮህ ሲጀምር የምንለውን አቋርጠን እንተያያለን፤ ሲያቆም ካቆምንበት እንቀጥላለን። በዚህ የተነሳ ስብሰባ ላይ የሚጣሉ ሰዎች እንኳ ማሽኑ እስኪያበቃ ንዴታቸው ይበርድ ነበር። የእኔ ግን አይበርድም። እኔ ጭራሽ ማሽኑ ሲጮህ የምለውን አሰላስዬ፣ አሳምሬ ነው የምጠብቀው።

አስተማሪ ነበርኩ። አማርኛ አስተምሬ፣ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጣሁ። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል በእግሬ ስሄድ «ቲቸር!» የማይለኝ የለም፤ ባለሱቁ፣ የታክሲው ሹፌር፣ የክሊኒኩ ነርስ። አንዳንዱማ ራሱ የልጆች አባት ሆኖ፣ ሲያየኝ ሲጋራውን ከኋላው ይደብቃል። ፖለቲካ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ተማሪዎቼ አራት ሆነው አንድ ዴስክ ላይ ሲጋፉ አቤት ልል ወረዳ እሄዳለሁ፣ ወረዳው «ክፍለ ከተማ ሂጂ» ይለኛል፣ ክፍለ ከተማው «ወረዳሽን ጠይቂ» ይለኛል፤ እንዲህ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ሌላ ትልቅ ምክንያት የለኝም።

ያስገባኝ አበልጄ ነው። ወንድ ልጄን በአርባ ቀኑ ከቄሱ እጅ የተቀበለ፣ የክርስትና አባቱ። ቤቴል ፋርማሲ አለው። ዝምድናችን ከሥጋ ዘመድ አያንስም፤ ባሌ ሲታመም መድኃኒት ይዞ የሚመጣ እሱ፣ እናቱ ሲሞቱ ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ ያልወጣሁ እኔ። የኮልፌን ቅርንጫፍ ያቋቋምነው ሁለታችን ነን። ባለፈው ምርጫ እኔ ተወዳድሬ ተሸነፍኩ፤ ነገር ግን ከፓርቲያችን ሁሉ የእኔን ያህል ድምፅ ያገኘ አልነበረም። ያኔ ቤት ለቤት አብሮኝ የዞረው፣ ዝናብ ሲመታን ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥቶ እሱ የበሰበሰው አበልጄ ነው። ይህን የማነሳው ሰውዬው ከጥንቱም ክፉ ነበር እንዳይባል ነው። አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው አዛውንቱ ሊቀመንበራችን ሥልጣናቸውን በለቀቁ ጊዜ ነው። ጉልበታቸው ደክሞ ነበር። በልጃቸው ተደግፈው ደረጃዋን ወጡና «ልጆቼ፣ እኔ ሐቀኛ ነበርኩ። ሐቀኝነት ብቻውን ግን አንድም ወንበር አላስገኘልንም። አሁን የሚያሸንፍ ሰው ምረጡ» አሉን። እዚህ ላይ ከታች ማሽኑ ጮኸ። እሳቸው ጆሯቸው ከበድ ስላለ አልሰሙትም፤ ንግግራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ማንም አልሰማም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ የሚወራው «የሚያሸንፍ ሰው» ብቻ ሆነ። ለካ እስከዛሬ የሚሸነፍ ሰው ፈልገን ነው ስንመርጥ የኖርነው! አንዱ ቁመና ያስፈልጋል ይላል። «ምርጫ ነው ወይስ ቅርጫት ኳስ?» አልኩት። አንዱ ድምፁ የሚያስገመግም ይሁን ይላል። ሌላው ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ የማያልበው፣ ሌላው ደግሞ ሀብታም ወዳጆች ያሉት ካልሆነ ይላል። ከሴቶች ክንፍ አንዲት ዝምተኛ እናት ነበሩ፣ ጉሊት የሚሸጡ። እጃቸውን አውጥተው «ሰው የሚያውቀው ሰው አይሻልም?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም አንዴ አዩአቸውና ወደ ቁመናው ተመለሱ። የእኔ ልብ ግን ዘለለ፤ ሰው የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ አውቃለኋ!

አዎ፣ ፈልጌው ነበር። ያን ጊዜ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ አሁን ግን ምን ያስፈራኛል? ሊቀመንበርነቱን አጥብቄ ፈልጌው ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ ለሕዝብ የማደርገውን ንግግር ለራሴ አሰማለሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለጋዜጠኛ መልስ እሰጣለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ሰው ድርሰት ሳርም ኖሬያለሁ፤ አንዴ እንኳ እኔ ልጻፍ አልኩ።

ከእኔ ሌላ ስሙ የሚነሳው አንድ ኢንጂነር ነበር። ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የሚኖር፣ ፓርቲው ውስጥ ከገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱን ያልደፈነ፣ ሸበላ። ሱሪው አይጨማደድም። ቲክቶክ ላይ አንድ ደቂቃ ተናግሮ ሰው ጉድ ያሰኛል። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ እግዜር ያውቃል፤ ግን አንድም ቀን ከማንም ጋር ሲጣላ አላየሁትም። ለሁሉም «ልክ ነህ» ይላል። አንድ ቀን እኔና ሌላ ሰው ስንከራከር ለሁለታችንም «ልክ ናችሁ» አለን። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላምንም።

አበልጄ አንድ ከሰዓት ፋርማሲው ድረስ ጠራኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ካርቶኖቹ መሃል በርጩማ አለችው፤ እሷ ላይ አስቀመጠኝና «እንግዲህ ስሚኝ» አለ። «ጉባኤው ላይ የምጠቁምሽ እኔ ነኝ። አንቺ እንደ ወጉ እምቢ ትያለሽ። እኔ እነሳና ‹የለም፣ አንቀበልም› እላለሁ። አንዴ ትደግሚያለሽ። ከዚያ ሰው ያጨበጭባል፣ አለቀ።»

ወጉን ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ ሥልጣን ሲሰጡህ እጅህን ዘርግተህ አትቀበልም። እድር ይሁን፣ ማኅበር ይሁን፣ የወላጅ ኮሚቴ ይሁን፣ ስምህ ሲጠራ ተነስተህ «ከእኔ የሚሻሉ አሉ፣ እኔ ይቅርብኝ» ትላለህ። የጠቆመህ ሰው ይነሳና «ይችላሉ፣ እምቢታዎን አንቀበልም» ይላል። አንዴ ትደግማለህ። ያጨበጭባሉ። ያኔ አንገትህን ደፍተህ ትቀመጣለህ፤ ተመረጥክ ማለት ነው። ወዲያው «እሺ» ያለ ሰው ለሥልጣን የቸኮለ ነው ተብሎ ይታማል። ልክ እንደ ማዕድ ነው። እንግዳ «በልቻለሁ» ሲል «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ተብሎ ይለመናል እንጂ «በልተው ከሆነማ» ተብሎ መሶቡ ከፊቱ አይነሳም።

«ብረሳውስ? ደንግጬ እሺ ብልስ?» አልኩት እየሳቅኩ።

«አንቺ? አንቺ እምቢ ማለት ትረሺያለሽ?» ብሎ እሱም ሳቀ። ስወጣ የደም ግፊቴን ለካልኝ። «ደህና ነሽ፣ አገር ትመሪያለሽ» አለኝ።

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ እሱም ጡረታ ወጥቷል። ዝምተኛ ነው፤ የጉራጌ አገር ሰው ሆኖ ከእኔ ከጎጃሟ ጋር ሲኖር ይህን ሁሉ ዓመት ሦስቴ ነው የጮኸብኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፖለቲካ ሲነሳ ሬዲዮኑን ይዞ ጓሮ ይወጣል። ቢሮ ድረስ ሲሸኘኝ እንኳ ደረጃውን አይወጣም፤ ከበያጆቹ ጋር ቆሞ ያወራል። ያን ቀን ግን ራሱ ጥያቄ ጠየቀ።

«እምቢ ስትይ ካልለመኑሽ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? አልመረጥም ነዋ። ግን አበልጄ እያለ ምን ሲደረግ?»

«እሱ ነው የሚያስለምንሽ ማለት ነው» አለ፤ ከዚያ ጎመኑን ውኃ ሊያጠጣ ወጣ። እኔ በመጠየቁ ብቻ ደስ አለኝ። ለነገሬ ልብ ሰጠ ብዬ።

ጉባኤው የተካሄደው አየር ጤና አካባቢ ባለ የሠርግ አዳራሽ ነው። ርካሽ ያገኘነው እሱን ነበር። ካለፈው ሠርግ የተረፉ ፊኛዎች ጣሪያው ላይ አሉ፤ መድረኩ ላይ የሙሽሮቹ ወርቃማ ወንበር ተቀምጧል። ሌላ ወንበር ስላልነበረ የስብሰባው መሪ ሙሽራው ቦታ ላይ ተቀመጠ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ ሙሽሪት ቦታ ላይ። ሰው ከየቅርንጫፉ መጥቶ አዳራሹ ሞልቷል። እኔ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጉርድ ለብሻለሁ። ጸጉሬን የተሠራሁት አስኮ ድረስ ሄጄ ነው፣ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ጋ።

ጥቆማው ሲከፈት አበልጄ ቀድሞ ተነሳ። ኧረ እንዴት አድርጎ ጠቆመኝ! «ኮልፌ ውስጥ ያላንኳኳችው በር የለም፣ ያላስተማረችው ቤት የለም» እያለ፣ ከእኔ በላይ እኔን አውቆ። ጉሊት የሚሸጡት እናት «እደግፋለሁ» አሉ። ሰው አጨበጨበ። የሚገርመው፣ እኔ ያን ጊዜ በውስጤ «በዛ፣ በዛ» እላለሁ፤ አመስጋኝ ሲያበዛ የሚያፍር ሰው አለ አይደል።

ተነሳሁ። አንዴ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ሽንኩርት ስከትፍ ያጠናሁትን አልኩ። «የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት፣ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ይሁንና ዕድሜዬም ገፋ፣ ከእኔ የተሻሉ ወጣቶችም አሉ፤ እኔ ይቅርብኝ።» ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ቆሜ ጠበቅኩ።

የሚነሳ የለም። ወደ አበልጄ ዞርኩ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። እኔ ደግሞ አየሁት፤ ጫማው ክር የለውም።

የስብሰባው መሪ «ጠቋሚው ምን ይላሉ?» አለ። አበልጄ ቀና አለ፣ ተነሳ፣ ወደ እኔ ግን አላየም። «እህታችን ምን ያህል እንደደከመች እኛ የቅርብ ሰዎቿ እናውቃለን» አለ። «ከልቧ ነው የተናገረችው። ፍላጎቷን ማክበር ይኖርብናል። ለእስካሁኑ አገልግሎቷ ሞቅ ባለ ጭብጨባ እናመስግናት።»

ጭብጨባው እኮ! ተነስተው ነው ያጨበጨቡልኝ። ሰው በቁሙ ሲሸኝ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጉሊት የሚሸጡት እናት ብቻ ከኋላ «ኧረ እምቢታዋ የወግ ነው! ለምኗት እንጂ፣ ምን ሆናችኋል?» ብለው ጮኹ። አንዳንዱ ሳቀ። የስብሰባው መሪ «እናቴ፣ ከራሷ አፍ ሰምተናል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል» አላቸው። ሙሽሪት ቦታ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ እውነትም እየጻፈ ነበር።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ አልክድም። አፌን ከፍቼ «የለም፣ እፈልጋለሁ» ብል ያበቃ ነበር። አንዲት ቃል። ግን ምን ልበል? «ቅድም የዋሸሁት ነው» ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ ጭብጨባ መሃል፣ ለሥልጣን የምለምን ልምሰል? ይሉኝታ ያዘኝ። እጅ ነሳሁ። አዎ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነስቼ ተቀመጥኩ፤ እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ ይሉኛል።

ቀጥሎ ኢንጂነሩ ተጠቆመ። ተነሳ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ «አመሰግናለሁ። ተቀብያለሁ። እናሸንፋለን!» አለ። በቃ ይኸው ነው። ትላልቆቹ ሰዎች «እንዴ!» ብለው ሲተያዩ ወጣቶቹ አዳራሹን በፉጨት አናጉት። እጅ ሲቆጠር ከፊቴ፣ ከግራዬ፣ ከቀኜ እጅ ነው። የአበልጄ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ፤ እኔንስ ፈረሱ ራሱ ኮርቻውን ጭኖ፣ እርካቡን ይዞ አውጥቶኝ ነው የጣለኝ።

ከአዳራሹ ስወጣ ማንንም አላናገርኩም። ታክሲ ይዤ ቤቴል ወረድኩ። ቤት ስገባ ባሌ ክትፎ ከነቆጮው አሰናድቶ ጠበቀኝ። ለድሌ ያዘጋጀው መሰለኝ። የሆነውን ስነግረው እስከ መጨረሻው ሰማኝና «እግዜር ያወቀው ነው። በይ እጅሽን ታጠቢ» አለኝ። በላሁ። እያለቀስኩ በላሁ፤ እሱ ደግሞ እያጎረሰ አባበለኝ።

ከዚያ በኋላ ቢሮ መሄድ ተውኩ። አበልጄ ሲደውል ስልኩን አላነሳም። ልጄ ከሚሠራበት ከሐዋሳ ደውሎ «እማዬ፣ የክርስትና አባቴ ምን አድርጎሽ ነው?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። ምን ብዬ ልንገረው? እምቢ ስል እሺ አለኝ ልበለው? ሲነገር እኮ በደል አይመስልም። ያሰብኩትን ሁሉ አሰብኩ፤ ኢንጂነሩ ገንዘብ ሰጥቶት ይሆን፣ ቦታ ቃል ገብቶለት ይሆን፣ አስፈራርተውት ይሆን። አንዱም ከሰውዬው ጋር አልገጥም አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ በሩቁ ሳየው እንኳ አቀርቅሮ ነው የሚያልፈው።

ወሩ ሳይሞላ አበልጄ በሌላ ስልክ ደወለ፤ ሳላውቅ አነሳሁት። ሰላምታ ሳይጨርስ ጉዳዩን አመጣ።

«ኢንጂነሩ ኮልፌን ብዙም አያውቀውም» አለ። «አንቺ ይዘሽው ቤት ለቤት ብትዞሪ... ሰው ያንቺን ፊት ሲያይ በሩን ይከፍታል።»

«ምን አልክ?»

«አንቺ ካልዞርሽ ኮልፌ አይመርጠንም። እውነቱን ነው የምነግርሽ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ማለት ይህ አይደል? ስልኩን ዘጋሁና ነጠላዬን ጣል አድርጌ ፋርማሲው ሄድኩ። ስደርስ ሦስት ሰው የሐኪም ማዘዣ ይዞ ቆሟል። ንዴቴን ይዤ ወረፋ ጠበቅኩ። አንዲት ሴት ለሕፃኗ የሳል ሽሮፕ ስትገዛ በማንኪያ ስንት ስንት እንደምትሰጠው ሁለቴ፣ ሦስቴ አስረዳት፤ ረጋ ብሎ፣ እንደ ወትሮው ደግ ሰው ሆኖ። ይህ ይበልጥ አቃጠለኝ። የመጨረሻዋ ደንበኛ ስትወጣ በሩን መለሰው።

«ንገረኝ» አልኩት። «ስንት ተከፍሎህ ነው?»

«ሳንቲም አልተቀበልኩም፤ ማርያምን» አለ። ከዚያ የመድኃኒት ካርቶን እያገላበጠ «አታሸንፊም ብዬ ነው» አለኝ።

«እኔ?»

«ሰው ይወድሻል። የሚወዱሽ ሁሉ ግን አይመርጡሽም። ያስተማርሻቸው ገና ዛሬም ይፈሩሻል። ቴሌቪዥን ላይ ቀርበሽ ጋዜጠኛውን ሰዋስው ታርሚዋለሽ እኮ! አውቅሻለሁ። ስንት ዓመት ተሸነፍን፤ እኔ ደከመኝ። አንዴ፣ ከመሞቴ በፊት አንዴ፣ ሲያሸንፉ ከሚጨፍሩት መሃል ልሁን አልኩ።»

ሰዋስው አርማለሁ ያለው እውነት ነው። ግን እዚያ ላይ ነው እንዴ ሰው የሚጣለው? «እና ፊት ለፊት አትነግረኝም ነበር? ካላመንክብኝ ለምን ጠቆምከኝ? ሌላ ሰው ይጠቁመኝ ነበር!»

«ሌላ ሰው ቢጠቁምሽማ እምቢታሽን አይቀበልም ነበር።»

አንዴ ገባኝና ደግሞ እንዳልገባኝ ሆንኩ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። የጠቆመኝ ሌላ እንዳይጠቁመኝ ነው። ያን ሁሉ ያመሰገነኝ፣ ያንን ሁሉ በር አንኳኳች ያለው፣ የእኔ እምቢታ በእሱ እጅ ላይ እንዲወድቅ ነው። እዚያችው በርጩማ ላይ አስቀምጦኝ አብረን የሳቅነው ትዝ ሲለኝ ብድግ አልኩ።

«ልጄን የታቀፈው ይህ እጅህ ነው?» አልኩት። «አበልጅ? አንተ አበልጅ ነህ? ከዛሬ ወዲያ ቤቴን እንዳትረግጥ!»

ይኼኔ እሱም ተቆጣ። ተቆጥቶ አያውቅም ነበር። «ብቻዬን አታድርጊኝ!» አለ። «እኔ እያመነታሁ ነበር። ልለምንሽ ወይስ ልተው እያልኩ ሌት ተቀን ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ያስወሰነኝ የቤትሽ ሰው ነው። እዚህ ድረስ መጥቶ፣ እምቢ ስትል እሺ በላት ብሎ፣ እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሂጂና እሱን ጠይቂው!»

መንገዱን እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። «ቲቸር!» ያለኝ ሰው ነበር፤ መልስ መስጠቴን እንጃ። በልቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው፤ እሱም? እሱም አታሸንፍም አለ? አበልጄስ ይበለኝ፣ የውጭ ሰው ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኛሁት ሰው እንኳ ትሸነፋለች ካለ፣ እኔ ምን ነበር ስለ ራሴ ሳስብ የኖርኩት?

ስደርስ ውኃ መጥቷል። በፈረቃ ነው የምታገኘን፤ በመጣች ቀን ባሌ ሌላ ሥራ የለውም፤ ሮቶውን፣ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ማሰሮውን ሳይቀር ይሞላል። ሱሪውን ጠቅልሎ ጎማውን ከአንዱ ወደ አንዱ ያዘዋውራል።

«አበልጃችን ጋ ሄደህ ነበር?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ቧንቧውን ዘጋ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውኃ በሚሻማበት ሰዓት ቧንቧ ሲዘጋ አይቼው አላውቅም። «ሄጄ ነበር» አለ።

«አንተም አታሸንፍም ብለህ?»

እንደ ሰደብኩት አየኝ። «ማን? አንቺ?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?»

«አታሸንፍም ብልማ ምን አስሄደኝ?» አለ። «ዝም ብዬ አልቀመጥም ነበር? ስንት ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ። ሰው ከኋላዬ ቆሞ ስለ ሹሙም ስለ ተወዳዳሪውም ሲያወራ እሰማለሁ። ባለፈው ያንቺ ፎቶ የተለጠፈ ጊዜ ከአስኮ እስከ አየር ጤና የሰማሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ጊዜ ፓርቲሽን የሚያውቀው አልነበረም፣ ለዚህ ነው የተሸነፍሽው። ሊቀመንበር ሆነሽ ብትወጪ ግን...» አልጨረሰውም። ጎማውን ጣለና ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ።

«ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜን ወታደሮች ሲወስዱት ምንም አልነበረም» አለ። «ወረቀት በታኝ ልጅ ነበር። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ትወስድለታለች። አንድ ቀን ‹ከእንግዲህ አታምጪ› ብለዋት ስንቁን ከነምግቡ ይዛ ተመለሰች። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ወረቀት በታኙን እንዲህ ካደረጉ መሪውን ምን ያደርጋሉ? የተሸነፈን ማን ይነካዋል? የሚነኩት የሚያሸንፈውን ነው። ፈራሁ። ሌላ የለውም፣ ፈራሁ።»

ይህን ወንድሙን አውቃለሁ፤ ፎቶው ሳሎናችን ውስጥ አለ። ስንቁ መመለሱን ግን እስከዚያች ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ማዘን ነበረብኝ። አዝኛለሁም፤ ግን ኀዘኑ ከንዴቱ ጋር አብሮ ነው የመጣው፣ አንዱ ሌላውን አላስቀረልኝም።

«ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ስለ እኔ ተማከራችሁ» አልኩት። እየጮህኩ ነበር፤ ጎረቤት ይስማ። «አንዳችሁ አታሸንፍም አላችሁ፣ አንዳችሁ ታሸንፋለች አላችሁ፣ ከዚያ ተስማማችሁ! እኔን አንድ ሰው አልጠየቀኝም። እዚህ ቤት ተቀምጠህ ‹ካልለመኑሽ ምን ይሆናል› ስትለኝ እኮ ለነገሬ ተጨንቀህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር!»

«ብነግርሽ ትተይው ነበር?»

«አልተውም!»

«ታዲያ» አለ።

ነጠላዬን መልሼ አጣፋሁ። ሌላ የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ከዚህ ቤት እወጣለሁ ልል፣ ለልጄ ደውዬ እነግረዋለሁ ልል። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ በንዴቴ መሃል እንደ ሕፃን ሆኜ የጠየቅኩት ነገር እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

«በእውነት አሸንፍ ነበር?»

ፊቱ በራ። ያን ሁሉ ፍርሃቱን ረሳና «እንዴታ!» አለኝ፣ ኮርቶ። «ኮልፌን እንዳለ ጠቅልለሽ ትወስጂው ነበር!»

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ከቢሮው ከአዳራሹ፣ ይህን ቃል የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ያኔ ነው የምር ያለቀስኩት።